የትምህርት ቤቱ ማሽን አልነሳ ያለ ዕለት

ማዳም ሪማ ስትደውልልኝ ቤሩት፣ ባዳሮ በሚባል ሰፈር፣ ከምሠራበት ድርጅት ምድር ቤት ውስጥ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጬ ነበር። ነጫጩ ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ሮጦ ሮጦ ቆሟል። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች በአንዱ ላይ ያለችውን ቃል አውቃታለሁ፤ ፓኒክ ትላለች። ማሽኑ ሊነሳ ሲል አንድ ነገር አጥቶ፣ ደንግጦ ቆሟል ማለት ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የደነገጠው ማሽኑ ነበር እንጂ እኔ አልነበርኩም። ከዚያ በፊትም ማሽን ሲቆም ስንቴ አይቻለሁ።

ማዳም ሪማ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። እንደ አገሩ ወግ ኢም ማህሌት፣ የማህሌት እናት፣ ነው የምትለኝ።

«ኢም ማህሌት፣ ሲስተሙ አልከፍት አለኝ» አለችኝ። «የባካሎሪያ መልቀቂያ ፈተና ተፈታኞች ዝርዝር ዛሬ ቀትር ላይ ይዘጋል። ያኒ ከቀትር በኋላ ኸላስ፣ አለቀ ነው።»

እኔ ቀኑ ዛሬ መሆኑን አላወቅኩም። በቀስታ የማህሌት ወረቀት የት እንዳለ ጠየቅኳት። የሌሎቹን ልጆች ወላጆች ጠርታ መታወቂያቸውን እንደገና በስካነር ልታነሳ እንደምትችል ነገረችኝ። አብዛኞቹ ሰፈር ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ።

«የማህሌት ግን ያለው እዚያ ውስጥ ነው» አለች። «ሌላ ቅጂ አለሽ?»

ሌላ ቅጂ የለኝም።

የልጄ ነገር እንዲህ ነው። ማህሌት ቤሩት ነው የተወለደችው። አባቷ ገና ሳትራመድ ወደ ሌላ አገር ተሻግሮ ቀረ። ለእሷ ወረቀት ለማውጣት አንድ ዓመት ተኩል ሮጫለሁ፤ ማኅተም ላይ ማኅተም፣ ትርጉም ላይ ትርጉም፣ በመጨረሻ ስድስት ገጽ ሆኖ ተጠናቀቀ። ኦርጅናሉ ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ እድሳት ገብቷል፤ ከወር በፊት አይመለስም። ከመግባቱ በፊት ማዳም ሪማ ስድስቱንም ገጽ አንስታ ትምህርት ቤቱ ማሽን ውስጥ አስቀመጠችው። ሁለት ፎቶ ኮፒ ነበረኝ፤ አንዱ ኤምባሲ ቀረ፣ ሌላውን ጠበቃው ወሰደው። ስልኬ ላይ ያለው የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ ብቻ ነው። ማህሌት በሚቀጥለው ዓመት አስራ ስምንት ይሞላታል። ፈተናውን ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ገብታ በተማሪነት የራሷን ኢቃማ ታወጣለች። ካልተፈተነች በእኔ ሥር መኖሯ ያበቃል፤ ወይ ያለ ወረቀት እዚሁ ተደብቃ ትኖራለች፣ ወይ ወደማታውቀው አገር ብቻዋን ትሄዳለች። ይኼ ሁሉ የተንጠለጠለው አልነሳም ባለ አንድ ማሽን ላይ ነበር። ማሽኑን ደግሞ የነካሁት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ሥራዬን ስጨርስ የማኅበራችን ሴቶች፣ «በሰው ቤት ገብተሽ ኮምፒውተር ጠግነሽ ወጣሽ፤ ይኼን ካልጻፍሽ ማን ያምናል» ብለው ስላሾፉብኝ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው ብቻ እጽፋለሁ።

ሊባኖስ የመጣሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቨርደን ሰፈር፣ ማዳም ሳሚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ሁሉን ነገር ትቆጥራለች፣ ሁሉን ነገር ታሸታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሪጁን ባዶ አደርጋለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ነገር መጣል ነው። አሮጌ የምታስቀምጥ ሠራተኛ ሰነፍ ትባላለች። ያ አመል እጄ ውስጥ ገባ። በሕልሜም ፍሪጅ እጠርግ ነበር።

ከእሷ ቤት ስወጣ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ክፍል ተጋርቼ ተከራየሁ፤ ማህሌት ተወለደች፤ እኔም በሰዓት እየተቀጠርኩ ባዳሮ ቢሮዎችን ማጽዳት ያዝኩ። ከነዚያ አንዱ የሚስተር ፋዲ ድርጅት ነው። ለሌሎች ሰዎች ማሽን ያስተዳድራል፤ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለመድኃኒት መጋዘን። ስገባ ስድስት ወጣት መሐንዲሶች ነበሩ። ሊራው፣ የአገሩ ገንዘብ፣ ሲወድቅ አንድ በአንድ ሄዱ፤ ዱባይ፣ ካናዳ፣ ቆጵሮስ። የመጨረሻው ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን አበባ ለእኔ ሰጥቶኝ፣ ውሃ አጠጫት ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ሚስተር ፋዲም ቆጵሮስ ተቀምጦ በስልክ ማዘዝ ጀመረ። ቢሮው ውስጥ የቀረነው እኔና ሙአሌም ሐጎፕ ነን።

ሙአሌም ይሉታል፣ ሥራውን የተካነ ባለሙያ ለማለት። የቡርጅ ሐሙድ አርመናዊ ነው፤ ያኔ ሰባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ካህራባ፣ መብራቱ፣ በቀን አራት ጊዜ ይሄዳል፤ ሰፈሩ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባትሪው ብቻ ነው ያለው፤ ሁልጊዜ አይችለውም። አሮጌው ሰውዬ በእያንዳንዱ ጊዜ ከቤቱ መምጣት ሲያቅተው ለእኔ የማስነሻውን ቅደም ተከተል አስተማረኝ። መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ መስመሩ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ ማሽኖች፣ መጨረሻ እንግዶቹ።

እንግዳ የሚለው ይኼን ነው። አንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ሌሎች ማሽኖች ይኖራሉ። የራሳቸው ብረት የላቸውም፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ አነሳስ፣ የራሱ አመል አለው። ብረቱን ባለቤት ይለዋል፣ ውስጡ ያሉትን እንግዶች። የእያንዳንዱ እንግዳ ልብ ከርነል ይባላል። ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው፤ ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅስ እሱ ነው። እሱ ካልተነሳ ማንም አይነሳም።

እኔ የፈረንጁን ፊደል የለየሁት ከሳሙናና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ሙአሌም ሐጎፕ በስልክ አንብቢልኝ ሲለኝ ቃሉን አላውቀውም፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እቆጥርለታለሁ። እንዳንሳሳት እሱ በሰፈር ስም ያስደግመኛል። ዲ የዶራ፣ ቢ የባዳሮ፣ ቪ የቨርደን። አንድ ገጽ ለማንበብ ሩብ ሰዓት ይፈጅብን ነበር። ቆጥቶ አያውቅም። በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ደብተር ሞላሁ። ኢቃማዬ ላይ ግን እስከ መጨረሻው የጽዳት ሠራተኛ ነው የሚለው።

ስለ ሙአሌም ሐጎፕ አሠራር ትንሽ ልበል፤ እንጀራዬ የሆነው እሱ ነውና። የተበላሸ ማሽን ፊት ሲደርስ ወዲያው እጁን አይሰድም። ወንበር ይስባል፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፣ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ ስክሪኑን ከታች ወደ ላይ ያነባል። ብዙ ሰው ከላይ ይጀምራል፤ ማሽን ግን የሞተበትን ምክንያት የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ሁለት ነገር አብሬ ስለውጥ ካየኝ ኪቦርዱን ከፊቴ አንስቶ ላህማጁኑን፣ ሥጋ የተቀባ ቂጣውን፣ መብላት ይጀምራል፤ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ማሽኑ ከዳነ በኋላ ደግሞ በማግስቱ ራሱ ሆን ብሎ ያንኑ ብልሽት ይደግመዋል፣ ለሙከራ በተቀመጠው ማሽን ላይ። ያን ያህል ካልገባው እንቅልፍ አይወስደውም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለው። በደወልኩ ቁጥር፣ ገና እንዴት አደሩ ሳልለው ይጠይቀኛል፦ መጨረሻ የነካሽው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከዚያ ዕለት አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የትምህርት ቤቱ እንግዳ፣ ቦታ የለኝም እያለ ማስታወቂያ ያወጣ ጀመር። ሙሉ የሆነው ከርነሎቹ የሚቀመጡባት ትንሿ ክፍል ናት። ከፍቼ አየሁ። ሦስት ነገር ተቀምጧል፤ በሥራ ላይ ያለው፣ አንድ የድሮ፣ እና ማዳኛ የሚባል በጣም ወፍራም ፋይል። ማዳኛው ላይ ያለው ቀን የሦስት ዓመት ነው። ከተቀመጠበት ቀን ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። እጄ ቨርደን የለመደውን ሠራ። የድሮውንም ማዳኛውንም ጣልኩ። ማስታወቂያው ጠፋ፤ ክፍሏ ሰፋች፤ ደስ አለኝ። ሙአሌም ሐጎፕ በዚያ ሳምንት የዓይን ኦፕራሲዮን ሊደረግ ይዘጋጅ ስለነበር በዚህ አላስቸገርኩትም። እንደውም ሲመለስ አይቶ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር።

ሥራ ላይ ያለ ማሽን ስለ መነሻው አያስብም። እስኪጠፋ ድረስ ምንም አልታወቀም።

በዚያ ጠዋት ማህሌትን ትምህርት ቤት ሸኝቼ በሰርቪስ፣ በጋራ ታክሲ፣ ባዳሮ ስደርስ ምድር ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ካህራባው ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ አሮጌውን ባለቤት ማሽን አቃጥሎታል። በላዩ የቀረው እንግዳ የትምህርት ቤቱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ሙአሌም ሐጎፕ ራሱ ወደ አዲሱ ባለቤት አዛውሯቸዋል፤ ይኼኛውን ከዓይኑ በኋላ እናደርገዋለን ብሎ ትቶት ነበር። እንዲህ ሲሆን ምን እንደማደርግ ደብተሬ ላይ አለ፤ ሁለት ጊዜ አለማምዶኛል። ዲስኮቹን አወጣሁ፣ አዲሱ ውስጥ ከተትኩ፣ ለእንግዳው አዲስ ክፍል ከፈትኩለት፣ አስነሳሁት። ፓኒክ አለ። አጥፍቼ ደገምኩት፤ ፓኒክ። ማዳም ሪማ የደወለችው ያኔ ነው።

ሙአሌም ሐጎፕ ስልኩን ያነሳው በአራተኛው ጥሪ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ትናንት አንድ ዓይኑ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ታሽጓል፤ ሌላኛው ከድሮም ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቶ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ። የማሽኑን መቃጠል፣ የዲስኮቹን ነገር ነገርኩት። የቀትሩንም ነገርኩት። የማህሌትንም ወረቀት ነገርኩት። በዚህ ጊዜ አስጨርሶኝ ያንን ጥያቄውን ጠየቀ።

«ዲስኩን ከማዛወርሽ በፊት፣ እንግዳው ላይ መጨረሻ የነካሽው ምንድን ነው?»

«ምንም አልነካሁም» አልኩት።

ቀድሞኝ ወጣ። አስቤ አይደለም። ቨርደን እያለሁ አንድ ቀን የማዳም ሳሚያን የክሪስታል ሳህን ሰበርኩ። ሄጄ ነገርኳት፤ አዲስ ነበርኩ፣ እውነት መናገር ይጠቅማል ብዬ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ፣ ቤት ውስጥ የተሰነጠቀ ብርጭቆ በተገኘ ቁጥር የምትጠራው እኔን ነው። ሁለተኛ ስሰብር ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከቆሻሻው ሥር ከተትኩ፤ ስትጠይቀኝ፣ አልነካሁም አልኩ። ማንም ምንም አላለኝም። በሰው ቤት የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይቺ ቃል አፋችን ላይ የምትቀመጠው ለክፋት አይደለም፣ ለመዳን ነው።

ሙአሌም ሐጎፕ አመነኝ። ከታች ወደ ላይ አነበብኩለት፤ ዲ የዶራ፣ ኤስ የሲን ኤል ፊል እያልን። ማሽኑ የሚለው፣ ዲስኬን አጣሁት ነው። አሰበና፣ ማሽኑ ገና ሲነሳ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ማዳኛ የሚለውን ሁለተኛ መስመር መርጬ እንዳስነሳው ነገረኝ።

ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛ የሚባል የለም። እኔ ነኝ የጣልኩት።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ኪቦርዱን ቀጭ ቀጭ አደረግሁ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ «እሱም አልሠራም» አልኩት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀላል።

ሙአሌም ሐጎፕ ዲስኩን ከባለቤቱ ማሽን በኩል እንድመረምረው አደረገኝ፤ መብራቱን፣ ቁጥሩን፣ ሙቀቱን። ሁሉም ደህና ይላል። እንደገና አስመረመረኝ። ማዳም ሪማ በመሃል ደወለች፤ የአስራ ዘጠኝ ልጆች ወላጆች መጥተዋል፣ የማህሌትስ አለች። እየሠራሁ ነው አልኳት። አራት ሰዓት አለፈ። እሱም በመጨረሻ የደከመ ድምፅ አውጥቶ ፍርዱን ሰጠ።

«ማዳኛው የሁሉም ዓይነት ዲስክ ቁልፍ አለው። እሱም ካላገኘው፣ ዲስኩ ሞቷል ማለት ነው። ኃይሉ አቃጥሎታል፤ ደህና ነኝ ቢልም አትመኚው። አጥፊው። ከእንግዲህ ባስነሳሽው ቁጥር የተረፈውንም ታጠፊዋለሽ። ጁኒየህ ከተማ አንድ ሰው አለ፣ ዲስክ ከፍቶ ያወጣል። ሳምንት ይፈጅበታል።»

የተቀዳ ቅጂ እንዳለን ጠየቅኩት፤ መልሱን እያወቅኩ። የመጨረሻው ቅጂ ከወር በፊት የተቀዳ ነው። የማህሌት ስድስት ገጽ የገባው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። ማዳኛው እንዳልተሞከረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አዋቂው ሰው የተሳሳተው እኔ በሰጠሁት ውሸት ላይ ቆሞ ነው። ብናገር ከሥራ እወጣለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ከሥራ ከወጣሁ ኢቃማዬ ከድርጅቱ ጋር ነው፣ እሱም ይሄዳል። ባልናገር ደግሞ ልጄን በራሴ እጅ አጠፋሁ። ሁለቱን ለመመዘን ጊዜ አልነበረኝም። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ። ስመለስ እየጠበቀኝ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማል።

«ሙአሌም» አልኩት። «ማዳኛው የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ባለፈው ሳምንት ጣልኩት። የድሮውንም ጣልኩ። ቦታ የለም ሲል፣ አሮጌ ነው ብዬ። ቅድም አልሞከርኩትም። ዋሸሁዎት።»

ስልኩ ውስጥ የምታስታምመው እህቱ የከፈተችው ቴሌቪዥን ይሰማኛል፤ የሆነ ሰው ስለ ምግብ ያወራል። ስድብ ጠበቅኩ። እህቱን ድምፁን ቀንሺው ሲላት ሰማሁ።

«ሌላስ? ሌላ የጣልሽው አለ?»

«የለም።»

«በማህሌት?»

«በማህሌት።»

ሳል የሚመስል ሳቁን ሳቀ። «ያ ቢንቲ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «በሕይወት ያለ ዲስክ ልታስቀብሪኝ ነበር እኮ።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ የሥራ ድምፁ መጣ። «ኸላስ። አሁን ቀላል ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ።»

ነገሩን ያስረዳኝ እንዲህ አድርጎ ነው። ከርነል ሲነሳ ትንሽ ስንቅ ይይዛል። ስንቁ ውስጥ የዲስኩን በር የሚከፍትበት ቁልፍ አለ። ይኼ ከርነል ስንቁ የታሰረለት በአሮጌው ባለቤት ላይ እያለ ነው፤ ስለዚህ የያዘው የአሮጌውን ዓይነት በር ቁልፍ ብቻ ነው። አዲሱ ባለቤት ላይ ክፍል ስከፍትለት ማሽኑ ራሱ አዲስ ዓይነት በር ገጠመለት፤ እኔም አላየሁትም። ከርነሉ ተነሳ፣ በሩ ፊት ቆመ፣ በእጁ ያለው ቁልፍ አልገባለትም፣ ደነገጠ። ማዳኛው ቢኖር የሁሉንም በር ቁልፍ ስለሚይዝ ከፍቶ ይገባ ነበር። ማዳኛው ከሌለ ቁልፉን መለወጥ አንችልም፤ ስንቁ ያለው በሩ ውስጥ ነው። በሩን ግን መለወጥ እንችላለን፤ በሩ ያለው በባለቤቱ በኩል ነው።

እንግዳውን አጠፋሁት። የባለቤቱን ገጽ ከፍቼ የእንግዳውን ስም ነካሁ፤ የዲስኩን መስመር ፈለግሁ። ዓይነቱ የሚመረጥበት ትንሽ ሳጥን አለ። ምን እንደሚል ፊደል በፊደል አነበብኩለት። በሱ ፈንታ አራት ፊደል ያለውን አሮጌውን ዓይነት እንድመርጥ ነገረኝ። መረጥኩ። ምን እንደመረጥኩ መልሼ እንዳነብለት አደረገኝ። ሌላ ምንም እንዳልነካሁ ጠየቀኝ፤ አልነካሁም አልኩት፣ በዚህ ጊዜ እውነት ነው። የመጀመሪያ መነሻው ከየትኛው ዲስክ እንደሆነም አረጋገጥን፤ ዲስኩ ሲለወጥ እሱም ይረሳል አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ረስቶት ነበር። አስተካከልኩ።

«ያላ፣ በይ አስነሺው» አለኝ። «እጅሽን ብብትሽ ውስጥ ክተቺ።»

ከተትኩ። ነጩ ጽሑፍ መሮጥ ጀመረ። ያ የሚቆምበት ቦታ ደረሰ። አንድ ሁለት ሦስት ያህል ቆመ። ከዚያ አለፈው። መስመሮቹ ቀጠሉ፣ አረንጓዴ እሺ፣ አረንጓዴ እሺ እያሉ ወረዱ፤ መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ወጥቶ፣ ማን ነህ ብሎ ጠየቀ። አልቅሼ ነበር መሰለኝ፤ ሙአሌም ሐጎፕ፣ ምን ይላል፣ ምን ይላል ይለኛል።

«ተነሳ» አልኩት በመጨረሻ።

እኔ ወዲያው ስንቁን እንድናስተካክል ፈልጌ ነበር፤ ጥፋቴን ቶሎ ለመሸፈን። እሱ ግን ከለከለኝ። አሁን አንዲት ፊደል እንዳትነኪ፤ ማዳም ሪማ ሥራዋን ትጨርስ፣ ማሽኑ ለእሷ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም አለኝ። ለሪማ ደወልኩላት። ከፈተችው። አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ስንቁን ያሰርነው በማግስቱ ነው፤ የሁለቱንም ዓይነት በር ቁልፍ ከተን፤ እሱ እየነገረኝ፣ እኔ እየጻፍኩ። አዲስ ማዳኛም አስቀመጥን። ከዚያ ዓይኑ ሲድንለት መጥቶ፣ በሙከራው ማሽን ላይ ሆን ብሎ ያንኑ ብልሽት ሠራና፣ ያን ጊዜ በዓይኔ አላየሁትም፣ አሁን አሳዪኝ አለኝ። ብቻዬን አዳንኩት። ለሚስተር ፋዲ የተጻፈው ሪፖርት ላይ፣ በጥገና ወቅት የማዳኛ ፋይል በስህተት ተወግዷል ይላል። ማን እንዳስወገደው አይልም። እኔ ስሜን ያስገቡ አልኩት። ሚስተር ፋዲ ቆጵሮስ ሆኖ ስምሽን ምን ያደርግለታል፣ እኔ ካወቅኩት በቂ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጥያቄውን ሲጠይቀኝ ቀጥ አድርጌ ነው የምመልስለት፤ አንዳንዴ እንደውም ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ፤ ዛሬ ይኼን ነካሁ፣ ያንን ሰበርኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ድርጅቱ ማሽኖቹን ሁሉ ውጭ አገር ወዳለ ቦታ አዛወረ፤ ምድር ቤቱ ባዶ ሆነ፤ እኔም የመጨረሻውን ባለቤት ማሽን አቧራውን ጠርጌ አስረከብኩ። አሁን ቡርጅ ሐሙድ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሽሮና ቅመም እሸጣለሁ። ማህሌት ነርስነት እየተማረች ነው፤ ኪሷ ውስጥ በራሷ ስም የወጣ ኢቃማ አለ። ሙአሌም ሐጎፕ ከሱቄ በእግር አስር ደቂቃ ነው የሚኖረው፤ ሲመጣ በርበሬ አይበላም፣ ተቀምጦ ቴሌቪዥኔን ይሰድባል።

ያን ቀን ግን ገና አልጨረስኩላችሁም። ሪማ ማሽኑን ከከፈተች በኋላ ግማሽ ሰዓት አልደወለችም። እኔ እየደጋገምኩ ወለሉን ወለወልኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ። ስልኩ ሲጮኽ መጥረጊያውን ጥዬ አነሳሁት። ማህሌት ነበረች፤ ዕረፍት ላይ ናት፣ ምንም አታውቅም።

«እማ፣ ዛሬ ምሳ ምን አለ?»

ምስር አልኳት። ኡፍ ስትል ሰማሁ፤ ምስር አትወድም። ከመዝጋቷ በፊት ድምፅሽ ምን ሆነ አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት።

ቀትር ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ማዳም ሪማ ደወለች። ዝርዝሩ ተልኳል፤ መቀበያ ቁጥሩ መጥቷል። ስድስቱም ገጽ አንድም ሳይጎድል ገብቷል። እንዳምናት ብላ ይሁን፣ ደስ ብሏት ይሁን፣ ከተመለሰላት ዝርዝር ላይ የልጄን ስም ከነአያቷ ቀስ አድርጋ አነበበችልኝ። ሃያ ሦስተኛ ላይ ናት። ሜርሲ ማዳም፣ ሜርሲ ብዬ አመሰገንኳት።

ከምድር ቤቱ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ እንደ ወትሮው ነበር፤ ሰርቪሶች ይጮኻሉ፣ ካፌው ወንበር ያወጣል። ሙአሌም ሐጎፕ ጋ ደወልኩ። ዓይኑ ታሽጎ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ እየጠበቀ እንደነበር በመጀመሪያው ጥሪ ማንሳቱ ነገረኝ።

«ሙአሌም፣ ዝርዝሩ ደርሷል» አልኩት። «የማህሌት ስም አለበት። ተርፈናል፤ ደህና ነን።»